ቱሉ ዲምቱ ያለው የቻይና ባህላዊ ሕክምና ቤት፦ መርፌው ይሁን፣ ካፕሱሉ ይቅር

ከቱሉ ዲምቱ አደባባይ ወደ ዱከም በሚወስደው አሮጌው መንገድ ጥቂት እንደሄዳችሁ፣ ከብረታ ብረትና ከቀለም መሸጫዎች መሃል፣ በቀይ ቻይንኛ ፊደልና በአማርኛ «የቻይና ባህላዊ ሕክምና» የሚል ታፔላ ታያላችሁ። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው። ከፊት ባንኮኒና ጣሪያ የሚነካ መደርደሪያ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ሦስት አልጋ። ለቸኮለ ሰው ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር። ወገብ፣ አንገት ወይም ጉልበት ለያዘው ሰው መርፌው (መድኃኒት የሌለበት፣ ቆዳ ላይ ተሰክቶ የሚቆየው ቀጭኑ የቻይና መርፌ) የተከፈለበትን ያህል ይሰጣል። ደረቅ ዋገምቱ ደህና ነው፣ ኩባያዎቹ ግን በደንብ ይታጠቡ። ሥራ ሥሩን ስሙን አውቆና አፈላሉን ጠይቆ የሚገዛ ይግዛ። ካፕሱሉን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

እንዲህ ያለ ቤት እዚህ ጋ መከፈቱ አያስገርምም። ቂሊንጦና ዱከም ያሉት የኢንዱስትሪ ዞኖች ቅርብ ናቸው፤ በየፋብሪካው የሚሠሩ ቻይናውያንም የዚህ ቤት ደንበኞች ናቸው። መርፌው ራሱ ግን ከፋብሪካዎቹ ቀድሞ ነው አገር ውስጥ የገባው። የቻይናዋ ሄናን ግዛት ከ1974 ጀምሮ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ለኢትዮጵያ የሕክምና ቡድን ስትልክ ኖራለች፤ በቡድኖቹ ውስጥም የመርፌ ሐኪሞች ነበሩ። አቃቂ ቃሊቲ ያለው ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታልም እነዚህ ቡድኖች የሠሩበት ቦታ ነው።

ዘርፉ በዓለም ደረጃ የተስፋፋው በሕግና በመዝገብ ታግዞ ነው። ዩኔስኮ መርፌውንና በጭቁኝ ወገን ቅጠል ጭስ የሚሰጠውን የሙቀት ሕክምና በ2010 በማይዳሰስ ቅርስነት መዘገበ። በ2017 የቻይና የባህላዊ ሕክምና ሕግ ሥራ ላይ ዋለ። በ2019 የጸደቀው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባ ደግሞ ከ2022 ጀምሮ ሲሠራበት ስለ ባህላዊ ሕክምና የሚናገር ምዕራፍ ይዞ ነው። የቻይና መንግሥት ሕክምናው 196 አገሮችና ግዛቶች ደርሷል ይላል። በባንኮኒው መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይህንን ምዕራፍ ጠቅሶ «በዓለም ጤና ድርጅት የተረጋገጠ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ምዕራፉ ሐኪሞች የሚያዩትን በአንድ ዓይነት ስም እንዲመዘግቡ የተዘጋጀ ነው፤ ድርጅቱ ስለ አንድም መድኃኒት «ይፈውሳል» ብሎ አልፈረመበትም። ወረቀቱ መነሳት አለበት።

አሁን ወደ መጋረጃው ጀርባ እንግባ፤ የቤቱ ዋና ሀብት ያለው እዚያ ነው። መርፌዎቹ 0.25 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 40 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላቸው፤ ለእጅና ለፊት 25 ሚሊ ሜትሩን ይጠቀማሉ። ጡንቻ ላይ ከሚወጋው የተለመደ መርፌ ውፍረት ግማሽ እንኳ አይሞሉም፤ ጫፋቸውም ለመሽለክለክ የተሠራ እንጂ ለመቁረጥ አይደለም። ስለዚህ ሲገባ የሚሰማው እንደ ትንኝ ንክሻ ነው፤ ቀጥሎ የሚመጣው የመክበድ ወይም የመደንዘዝ ስሜት ሐኪሙ የሚፈልገው ነው። ስል ያለ፣ ወደ እግር የሚወረወር ሕመም ከተሰማችሁ ግን ዝም አትበሉ፤ ነርቭ ተነክቷልና ወዲያው ይውጣ። እሽጉ ፊታችሁ ይከፈታል። ከላዩ ላይ የማምከኛው ዓይነት፣ የምርት መለያ ቁጥሩና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ መነበብ አለባቸው። ቆዳው በ70 ፐርሰንት አልኮል ከተጠረገ በኋላ እስኪደርቅ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እርጥብ ላይ ከተወጋ ያቃጥላል፣ አልኮሉም ሥራውን አልጨረሰም። እዚህ ይጠብቃሉ። ያገለገለው መርፌ በቀጥታ ወደ ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ይገባል፤ ሳጥኑም ሦስት አራተኛ ሲሞላ ይዘጋል። በብዙ ቤት የሚዘለለውን ይህን ሥርዓት እዚህ ጠብቀውታል፤ ምስጋና ይገባቸዋል።

መርፌው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይቆያል። ከላይ የሚበራው የሙቀት መብራት ከቆዳ ከ30 ሳንቲ ሜትር በታች መቅረብ የለበትም። በተለይ የስኳር ሕመምተኛ እግሩ ደንዝዞ ከሆነ ሲቃጠል አይታወቀውም፤ ለእሱ መብራቱ ከእግር አካባቢ ይራቅ። ጉድለቱ ከሰዓት በኋላ ይመጣል። ሦስቱም አልጋ ሲሞላ አንድ ባለሙያ ብቻውን ስለሚሯሯጥ መርፌ ሲነቀል አይቆጠርም። ስንት እንደገባ ቁጥሩ ተጽፎ፣ ሲወጣም ያው ቁጥር መገኘት አለበት። ባይቆጥሩላችሁ እናንተ ጠይቁ፤ ጸጉር ውስጥና ከቁርጭምጭሚት ኋላ የሚረሳው ያኔ ነው።

ለእኛ አገር ሰው ከሁሉ በላይ መነገር ያለበት የጾም ጉዳይ ነው። በመርፌ አልጋ ላይ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው አደጋ ራስን መሳት ነው፤ ዋናው ምክንያትም ባዶ ሆድ፣ ድካምና ፍርሃት ናቸው። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምሱ የሚቆዩ ሰዎች ከጠዋቱ 4 ሰዓት ቀጠሮ ይይዛሉ፤ ላብ ያጠምቃቸዋል፣ ይነጣሉ፣ ዓይናቸው ይጨልማል። ቀጠሮውን ከ10 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ቀለል ያለ ነገር ቀምሳችሁ ሂዱ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ተቀምጣችሁ ሳይሆን ተኝታችሁ ተወጉ። ራስ ቢያዞራችሁ መርፌው በሙሉ ይነቀላል፣ እግር ከፍ ይላል፣ ስኳር ያለው ሻይ ይጠጣል፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። እምብዛም ባይሆንም ከባድ የሆነው ሌላው አደጋ ከትከሻ በላይና ከጀርባ የጎድን አጥንት አካባቢ በጥልቀት ሲወጋ የሳንባ ሽፋን መበሳት ነው። ከሕክምናው በኋላ በሰዓታት ውስጥ ደረት ወግቶ ትንፋሽ ካጠረ ሆስፒታል መሄድ እንጂ «ነገ ይሻለኛል» ማለት አያስፈልግም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴት ይህንን አስቀድማ ትናገር፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ያለው ነጥብ ለእሷ የሚከለከል ነው።

ስንት ጊዜ? ለቆየ የወገብና የጉልበት ሕመም በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ እየሄዱ ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ መሞከር ምክንያታዊ ነው። ማይግሬን ላለበትም ሊረዳ ይችላል። አራት አምስት ጊዜ ተወግታችሁ ቅንጣት ለውጥ ከሌለ ግን ገንዘባችሁን ማውጣት አቁሙ፤ «አሥረኛው ላይ ይሠራል» የሚለውን አትመኑ። የወገብ ሕመሙ ሽንት አልወጣ ከማለት ወይም ከማምለጥ ጋር ከመጣ፣ ወይም ብልትና መቀመጫ አካባቢ ከደነዘዘ፣ ነርቩ ታንቋል ማለት ሊሆን ይችላልና የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ነው። ፊቱ በድንገት ለተጣመመበት ሰውም እንዲሁ። ስትሮክ አለመሆኑ በመጀመሪያ መታወቅ አለበት፤ የፊት ነርቭ ከሆነ ደግሞ ፕሬድኒሶሎን የሚባለው የስቴሮይድ መድኃኒት የሚጠቅመው በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። መርፌ ከዚያ በኋላ ይደርሳል። የዋጋው ዝርዝር ግድግዳ ላይ አለ፤ አንድ ጊዜ መርፌ 1,000 ብር፣ ዋገምት 500።

ዋገምት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም፤ በቀንድ የሚመጠጠውን ሁሉም ያውቀዋል። ልዩነቱ እዚህ ቆዳ አለመበጣቱ ነው። አየሩ በፓምፕ ይሳባል፣ ወይም በብርጭቆው ውስጥ እሳት አብርተው ወዲያው ቆዳ ላይ ይደፉታል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ በቂ ነው፤ ከ15 በላይ ከቆየ ቆዳው ውኃ ይቋጥራል። ክቡ ጥቁር ምልክት ከቆዳ ሥር የፈሰሰ ደም እንጂ «የወጣ ቆሻሻ» አይደለም፤ በሳምንት ገደማ ይጠፋል። ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ይቅርበት። በምላጭ በጥቶ ደም ማውጣት ቢያቀርቡላችሁ እምቢ በሉ፤ ጉበትን የሚጎዳው ሄፓታይተስ ቢና ኤች አይ ቪ በዚያ መንገድ ይተላለፋሉ። የኩባያዎቹ አያያዝ ግን አላስደሰተንም። በአልኮል ጥጥ ብቻ እየተጠረጉ ለሚቀጥለው ሰው ይሰጣሉ። በሳሙና ታጥበው፣ 5 ፐርሰንቱን በረኪና አንድ እጅ ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር በጥብጠው 10 ደቂቃ ሊዘፈዝፏቸው፣ ከዚያም አለቅልቀው ሊያደርቋቸው ይገባል። ወጪው ለወር አንድ ጠርሙስ በረኪና ነው።

ከመደርደሪያው ላይ ልብ የሚነካው ዕቃ ከታችኛው ረድፍ፣ በግልጽ ፕላስቲክ የታሸገው ዕጣን ነው። የቻይና የመድኃኒት መጽሐፍ፣ ማለትም መንግሥት የሚያወጣው የመድኃኒት መስፈርት፣ ዕጣንን በሁለት ይከፍለዋል፤ የሶማሌ ዕጣንና የኢትዮጵያ ዕጣን ብሎ በስም። የመጀመሪያው ቢያንስ 6 ፐርሰንት፣ የእኛው ቢያንስ 2 ፐርሰንት ተናኝ ዘይት እንዲኖረው ያዛል። ለሕመም ማስታገሻ በቀን ከ3 እስከ 5 ግራም ይታዘዛል። ጥሬው ሆድ ስለሚያቅለሸልሽ በኮምጣጤ እየተረጨ ይታመሳል፤ ነፍሰ ጡር ሴትና ጨጓራው ደካማ የሆነ ሰው አይወስዱትም። ከርቤም አብሮት ነው የሚሄደው፤ ሁለቱ በውጋትና በስብራት መድኃኒት ውስጥ አይለያዩም። ከበረሃ ላባችንን አፍስሰን የምንለቅመው ሙጫ በጥሬው ይወጣል፣ እዚያ በደረጃ ተለይቶ፣ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ ፕላስተር ላይ ተቀብቶ ወደ ቱሉ ዲምቱ ይመለሳል። መስፈርቱ ላይ ስማችን የተጻፈበትን ዕቃ እዚሁ ለይተን፣ ዘይቱን ለክተን፣ አዘጋጅተን መላክ ሲገባን በኩንታል መሸጣችን ያስቆጫል። ለመጀመር የሚያስፈልገው የማጣሪያ ወንፊት፣ የዘይት መለኪያ መስታወትና የሠለጠነ ኬሚስት ነው።

ፕላስተሩ ራሱ ደህና ዕቃ ነው። ቆዳው ታጥቦ ሲደርቅ ይለጠፋል፣ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ይቆያል፣ ከዚያ ቆዳው ግማሽ ቀን ያርፋል። ከተቆረጠ ቆዳ ላይ አይለጠፍም፤ ከላዩ የሞቀ ውኃ ኮዳ ወይም የሙቀት መብራት ከተጨመረበት ያቃጥላል። ብዙዎቹ ሜንቶል፣ ካምፎርና ሜቲል ሳሊሲሌት አለባቸው፤ የመጨረሻው የአስፒሪን ዘመድ ስለሆነ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው ላይ ደም ሊያፈስ ይችላል። ምስክ (ከአጋዘን መሰል እንስሳ የሚወሰድ ሽቶ) የገባበትን ነፍሰ ጡር አትለጥፍ። ቀዩዋን ትንሽ የቆርቆሮ ቅባት ሁሉም ቤት ታገኛታላችሁ፤ ካምፎር የተዋጠ እንደሆነ ሕፃን ያንቀጠቅጣል፣ ስለዚህ ከሁለት ዓመት በታች ላሉ አፍንጫ ሥር አትቀቡ፣ ከእጃቸውም አርቁ።

ሥራ ሥሩ በወረቀት ከረጢት ለየቀኑ ተመዝኖ ይሰጣል፤ ሚዛኑ በግራም ነው፣ በጭብጥ አይገምቱም። ይህ ጥሩ ነው። ዝንጅብሉ፣ ቀረፋው፣ እርዱና አብሹ ከእኛው ጓዳ የምናውቃቸው ናቸው። የሚያሳስበው በከረጢቱ ላይ በአማርኛ የሚጻፈው «ለጨጓራ» ወይም «ለኩላሊት» የሚል ብቻ መሆኑ ነው። የላቲን ስሙ ካልተጻፈ የገዛችሁት ምን እንደሆነ ሐኪማችሁ ሊያውቅ አይችልም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ብራስልስ ውስጥ በአንድ የክብደት መቀነሻ ክሊኒክ የቻይና ስማቸው የሚቀራረብ ሁለት ሥሮች ተምታተው ብዙ ሴቶች ኩላሊታቸውን አጥተዋል፤ አንዳንዶቹም የሽንት ቧንቧ ካንሰር ያዛቸው። የገባው ተክል አሪስቶሎኪያ ነበር። ስለዚህ «ላቲኑን ጻፉልኝ» ማለት ብልግና አይደለም። ደም ግፊት ያለበት ሰው ሊኮሪስ የሚባለውን ጣፋጭ ሥር ያስወጣ፤ ውኃና ጨው ይይዛል፣ ፖታሲየም ያወርዳል፣ ግፊቱን ይሰቅላል፤ እሱ ደግሞ በአብዛኛው ቅመራ ውስጥ ለማስማሚያ ይገባል። ዋርፋሪን የሚወስድ ዳንሼንና ጊንኮ ከሚባሉት ተክሎች ይራቅ። ጸጉር ያጠቁራል የሚባለው ሾው ዉ ጉበት እንደሚጎዳ በተደጋጋሚ ተመዝግቧል።

አፈላሉን በተመለከተ ሻጮቹ የሚናገሩት ለቤጂንግ የተጻፈውን ነው። እኛ ያለንበት ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው በ92 እና 93 ዲግሪ መሃል ነው፤ ጠንካራ ሥርና ቅርፊት በተባለው ጊዜ አይበስልም። ሥራ ሥሩን በቀዝቃዛ ውኃ 30 ደቂቃ ዘፍዝፉ፣ ውኃው ከላዩ ሁለት ጣት ይለፍ። በኃይለኛ እሳት ሲፈላ እሳቱን ቀንሱና ከ25 እስከ 35 ደቂቃ አንተክትኩት፤ ለሥርና ለቅርፊት እስከ አንድ ሰዓት ይሁን። አጥልሉት፣ ትንሽ ውኃ ጨምራችሁ ሁለተኛ 20 ደቂቃ አፍሉ፣ ሁለቱን ደባልቁ። ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር ይወጣል፤ ግማሹ ጠዋት፣ ግማሹ ማታ ለብ ብሎ ይጠጣል። ናናና መዓዛ ያላቸው ቅጠሎች በመጨረሻው 5 ደቂቃ ይገባሉ፤ ቀድመው ከገቡ ዘይታቸው በእንፋሎት ይሄዳል። ድስቱ ሸክላ ወይም የማይዝግ ብረት ይሁን፤ አሉሚኒየምና ተራ ብረት በተክሉ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል አፍ የሚያኮማትር ንጥረ ነገር ጋር ይዋሃዳሉ። ወጥ የተሠራበት የሸክላ ድስት ግን አይሆንም፣ ቅባትና በርበሬ ጠጥቷልና ለብቻው አንድ ይኑራችሁ። ከመግዛታችሁ በፊት አሽትቱ። የሻገተ ከሸተተ ወይም ድኝ ድኝ ካለ መልሱት፤ ቀለሙ እንዳይለወጥ በድኝ ጭስ የታጠነ ነው። መስኮቱ ሥር ያሉት ጆንያዎች ክረምት ላይ እርጥበት ያገኛቸዋል፤ ከዚያ አትግዙ።

ፉዚ የሚባለውን ጥቁር ቁራጭ ግን በፍጹም ቤታችሁ አታፍሉ። አኮኒት የሚባል መርዛማ ተክል ሥር ነው፤ መርዙ የሚሰበረው በረጅም ፍላት ብቻ ሲሆን በእኛ ከፍታ ፍላቱ የሚደርስበት ሙቀት ዝቅተኛ ነው። ከንፈርና ምላስ ይደነዝዛል፣ ከዚያ ልብ ምቱን ይስታል። ይህ ቤት ያለ ማስጠንቀቂያ ሲሸጠው አይተናል። ይህ መቆም አለበት።

በፍላት ስለሚበላሽ መድኃኒት ከተነሳ፣ በመደርደሪያው ላይ «ለወባ» ተብሎ የተቀመጠው የአርጤሚስያ ሻይ አለ። ቻይናዊቷ ተመራማሪ ቱ ዮዮ በ2015 የኖቤል ሽልማት ያገኘችበት አርቴሚሲኒን የተባለው የወባ መድኃኒት ከዚሁ ተክል ነው። በ1967 በተጀመረው ምርምር የመጀመሪያ ሙከራዎች የተለያየ ውጤት ይሰጡ ነበር፤ እሷ የ4ኛው መቶ ዘመን ሐኪም ጌ ሆንግ ቅጠሉን በውኃ ዘፍዝፈህ ጨምቀህ ጠጣ እንጂ አፍላ አለማለቱን አስተዋለች፤ ሙቀቱ መድኃኒቱን እያጠፋው እንደሆነ ጠርጥራ በዝቅተኛ ሙቀት፣ ኤተር በሚባል ቶሎ በሚተን ፈሳሽ አወጣችው። ሻዩ በየስኒው የሚሰጠው መጠን አይታወቅም፣ ጥገኛውን ሳይጨርስ መድኃኒቱን ያለማምደዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ይህን ዓይነት አጠቃቀም እንደማይደግፍ አስታውቋል። ከመተሐራ ወይም ከአርባ ምንጭ ተመልሳችሁ ካተኮሳችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ደማችሁን አስመርምሩ።

ካፕሱሎቹ «ለስኳር»፣ «ለመክሳት»፣ «ለወንድነት»፣ «ለሪህ» ይላሉ። በየአገሩ ያሉ ተቆጣጣሪዎች እንዲህ ያሉትን ሲመረምሩ ደጋግመው ያገኙት ግሊቤንክላሚድ፣ ሲቡትራሚን፣ ሲልዴናፊልና ስቴሮይዱ ዴክሳሜታሶን ነው፤ ማለትም በቅጠል ስም የተደበቀ የፋብሪካ መድኃኒት። በሰዓት ውስጥ የሚሠራ «ቅጠል» ካጋጠማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። በራሱ የስኳር መድኃኒት ላይ የስኳር ካፕሱሉን የደረበ ሰው ሌሊት ስኳሩ ወርዶ ሊሞት ይችላል፤ የሪህ ካፕሱሉን ወራት ወስዶ በድንገት ያቆመ ሰው ስቴሮይዱ ሲቋረጥበት ይወድቃል። የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ምዝገባ ቁጥር ከሌለው አትንኩት፤ ጥርጣሬ ካላችሁ ወደ 8482 ደውሉ።

አንድ ነገር ደግሞ ከላይኛው መደርደሪያ ይውረድ። በወርቃማ ካርቶን ያለው ጥቁር ጡብ መሰል ነገር ኤጂያኦ ነው፣ ከአህያ ቆዳ የተቀቀለ ሙጫ። ለእሱ ሲባል ቢሾፍቱ ላይ የተከፈተው የአህያ ቄራ በነዋሪው ተቃውሞ በ2017 ተዘጋ፤ በየካቲት 2024 ደግሞ የአፍሪካ ኅብረት መሪዎች እዚሁ አዲስ አበባ ላይ አህያን ለቆዳው ማረድ በአህጉሩ እንዲቆም ወሰኑ። አህያ ለዓመት ያህል አርግዛ አንድ ውርንጭላ ብቻ ትወልዳለች፤ ገበያው በሚጠይቀው ፍጥነት አትራባም። ከዚህ ሱቅ በር ፊት ለፊት ጀሪካንና እህል ጭና የምታልፈው አህያ የአንድ ቤተሰብ ኑሮ ናት። በሳጥኑ ውስጥ ያለው ደግሞ ከሌላ ቆዳና አጥንት ከሚቀቀለው ጄላቲን ብዙም የማይለይ ነው። አትግዙት፣ ለምን እንደማትገዙትም ለባለቤቱ ንገሩት።

ቤቱ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ክፍት ነው፤ እሑድ ዝግ ነው። ጠዋት አስተርጓሚዋ ስላለች የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ በዝርዝር ለማስረዳት ያኔ ሂዱ፤ የመድኃኒታችሁን ካርቶኖች ይዛችሁ ብትሄዱ ደግሞ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ በምልክት ነው የምትግባቡት። ደረሰኝ ሲጠየቁ ይሰጣሉ፤ በላዩ ላይ የሥራ ሥሩ ስም ዝርዝርና ግራሙ እንዲጻፍ አድርጉ፣ ከከረጢቱ ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍም በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ከቃሊቲ የሚመጣው የቱሉ ዲምቱ ሚኒባስ አደባባዩ ላይ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ በባጃጅ ነው።